ሳያምዎ ይታዩ፦ የጥርስ ሕመምን በጊዜ የማግኘት መመሪያ

አዊ ውስጥ ፈረስ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት የፈረሱን ከንፈር ገለጥ ያደርጋል። ሻጩ «ገና ጎረምሳ ነው» ቢልም ገዢው የሚያምነው ጥርሱን ነው። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ከሚጋለቡት ፈረሶች አፉ ተከፍቶ ያልታየ አይገኝም ማለት ይቻላል። የፈረሱ ባለቤት ግን የራሱን አፍ ለሐኪም የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ፣ ጉንጩ ካበጠ በኋላ ነው።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል የአገራችን ሰው፤ ልብ ቢያዝንም ጥርስ ይስቃልና። ተረቱ ለጥርስ ሐኪምም ይሠራል። ውስጡ ተቦርቡሮ ከላይ ነጭ ሆኖ የሚስቅ ጥርስ ብዙ ነው። የዘመኑ የምርመራ መሣሪያዎች ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው፤ ጥርሱ ሳያምና ሳይሰበር ውስጡን ያሳያሉ። ይሁንና መሣሪያው የሚጠቅመው በጊዜ ለደረሰለት ሰው ነው። ከዳንግላም ይነሡ ከእንጅባራ፣ ከቻግኒም ይምጡ ከአዘና፣ ከቤትዎ እስከ ሐኪሙ ወንበር ያለውን መንገድ ደረጃ በደረጃ እነሆ።

ከሁሉ በፊት፦ ሕመም ዘግይቶ ይመጣል

የጥርስ የላይኛው ልባስ ኢናሜል ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ እንደ እሱ ጠንካራ ነገር የለም፤ ነርቭ ግን የለውም። ስለዚህ ሲጎዳ አይጮኽም። ስኳር ያለው ሻይ ስንጠጣ ወይም ዳቦ ስንበላ በአፋችን ያሉ ባክቴሪያዎች አሲድ ያመርታሉ። የአፍ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜሉ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። ምራቅ ጊዜ ካገኘ የተወሰደውን መልሶ ይተካል። ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ነገር የሚቀማምስ ሰው ግን ለምራቁ ፋታ አይሰጠውም።

ጉዳቱ የሚሄድበት ቅደም ተከተል ይህ ነው።

1. በመጀመሪያ በድዱ ጠርዝ ወይም በሁለት ጥርሶች መካከል እንደ ጠመኔ የነጣ፣ ወዝ የሌለው ነጥብ ይታያል። አያምም፤ በዚህ ደረጃ በፍሎራይድና በንጽሕና ሊመለስ ይችላል።
2. ኢናሜሉ ተበስቶ ቀዳዳ ይሆናል። አሁንም ላያም ይችላል፤ ሕክምናው ማስሞላት ነው።
3. ቀዳዳው ከኢናሜሉ በታች ያለው ለስላሳ ክፍል ጋ ይደርሳል። ቀዝቃዛና ጣፋጭ ይጠዘጥዛል።
4. ነርቡ ጋ ይደርሳል። ሌሊት ያነቃል፣ ትኩስ ያባብሰዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ምርጫ የነርቭ ሕክምና ወይም መንቀል ነው።

ብዙዎቻችን ወደ ሐኪም የምንሄደው በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው። መሣሪያዎቹ የተሠሩት ደግሞ አንደኛውንና ሁለተኛውን ለማግኘት ነው። ወደ ሐኪም እስክንሄድ ያለውን ጊዜ «ትል በላው» እያልን በቅርንፉድ እናሳልፋለን። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። ትል የሚባለውም ነገር በጥርስ ውስጥ የለም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል፤ አሞክሲሲሊን ያለ ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥም እብጠቱን ለቀናት ቢያረግበው መንሥኤውን አያነሣውም።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች እንዳይመስልዎ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን ገደማ ሰዎች የአፍና የጥርስ ሕመም እንዳለባቸው ገልጿል። በቅርባችን ባሕር ዳር ከተማ በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ ከአምስት ልጆች አንዱ ገደማ የተቦረቦረ ጥርስ እንዳለው አሳይቷል።

ደረጃ 1፦ ቤትዎ ውስጥ ራስዎን ይመልከቱ

የመጀመሪያው የምርመራ መሣሪያ ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ነው።

- ጥርስዎን በብሩሽ ያጽዱ ወይም በመፋቂያ ይፋቁ፤ ከዚያ ይጉመጥመጡ።
- በቀን፣ ፊትዎን ወደ በር ወይም ወደ መስኮት አዙረው ይቀመጡ።
- ሌላ ሰው በስልኩ የኋላ ካሜራ ያንሣዎት። ጉንጭዎን በንጹሕ ማንኪያ እጀታ ገፋ ያድርጉ።
- አምስት ፎቶ ይበቃል፦ ጥርስ ገጥሞ ከፊት፣ ከቀኝ፣ ከግራ፤ አፍ ተከፍቶ የላይኛው ረድፍ፣ የታችኛው ረድፍ።

ፎቶውን አስፍተው እነዚህን ይፈልጉ፦ የጠመኔ ዓይነት ነጭ ነጥብ፣ ቡናማ ወይም ጥቁር ጉድጓድ፣ ሲነካ የሚደማ ድድ፣ የሸሸ ድድ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል ወይም የማይለቅ ነጭና ቀይ ምልክት። ፎቶ ሐኪም አይተካም። በስድስተኛው ወር እንደገና ሲያነሡ ግን የተለወጠውን ያሳይዎታል።

ደረጃ 2፦ የሚናገሩትን አዘጋጅተው ይሂዱ

ጥሩ ሐኪም መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል። መልሱን በወረቀት ይዘው ይሂዱ።

- የሚያምዎት ቀዝቃዛ ነው፣ ትኩስ ነው፣ ወይስ ሲያኝኩ? ቀዝቃዛው ሲወገድ ወዲያው ይተዋል ወይስ ይቆያል?
- የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም አለብዎ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? የማይስማማዎ መድኃኒት አለ?
- ነፍሰ ጡር ነዎት? ይህን ራጅ ከመነሣትዎ በፊት ይንገሩ።
- ድድዎን ተነቅሰዋል? የእናቶቻችን ድድ ንቅሳት ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ አካባቢውን የማያውቅ ባለሙያ በበሽታ ሊጠረጥረው ይችላል። ንቅሳቱ የቀለሙን ለውጥና የድድ መቅላትንም ይሸፍናልና አስቀድመው ይናገሩ።

አብረዋቸው የሚሄዱት አባት ወይም እናት ከአማርኛ ይልቅ አዊኛ የሚቀናቸው ከሆነ አስተርጓሚ ሆነው ይግቡ። «ይጠዘጥዛል» እና «ይወጋል» የሚሉት ቃላት ለሐኪም ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ በትርጉም መሐል መጥፋት የለባቸውም።

ደረጃ 3፦ ከመንገድ በፊት ይደውሉ

መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም የዳንግላንና የእንጅባራን ሆስፒታል ይጠይቁ። ወደ ባሕር ዳር መሄድ ካስፈለገ ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የሪፈር መዳረሻ ናቸው። የትም ይሂዱ፣ ከመሳፈርዎ በፊት አራት ነገር ጠይቀው ያረጋግጡ።

1. የጥርስ ራጅ አለ? የፊልም ነው ወይስ ዲጂታል?
2. በምሄድበት ቀን የጥርስ ሐኪሙ ይኖራል?
3. መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለ? መብራት ሲሄድ ወንበሩም ራጁም አብረው ይቆማሉ።
4. የምርመራውና የራጁ ዋጋ ስንት ነው?

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይያዙ፤ የሪፈር ወረቀት ሳይቆርጡ በቀጥታ መሄድ ጥቅሙን ሊያሳጣዎት ይችላል። የትኛው የጥርስ ሕክምና እንደሚሸፈን ቀበሌዎን አስቀድመው ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ወንበሩ ላይ የሚጀመረውን ምርመራ ይረዱ

ዘመናዊ ምርመራ ማለት ውድ ማሽን ብቻ አይደለም። ዛሬም መሠረቱ ቀላሎቹ መሣሪያዎች ናቸው።

ትንሿ መስታወት ከመንጋጋ ጀርባ ያለውን ታሳያለች። ሚሊ ሜትር የተጻፈባት ቀጭን ብረት ደግሞ በድድና በጥርስ መካከል ቀስ ብላ ትገባለች። ሐኪሙ «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት» እያለ ሲቆጥር ቢሰሙ አይደንግጡ፤ የድዱን ጥልቀት እየለካ ነው። እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው። 4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ድዱ ከጥርሱ መላቀቅ መጀመሩን ይጠረጥራል። ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየሸሸ ሊሆን ይችላል። በድድ ሕመም የሚነቀል ጥርስ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የለውም፤ አፈሩ በጎርፍ እንደታጠበ የአጥር እንጨት ቆሞ ይነቃነቃል እንጂ።

ነርቡ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ደግሞ በጣም የቀዘቀዘ ጥጥ ጥርሱ ላይ ይነካል። ሰማዎት? ስንት ሰከንድ ቆየ? ጤነኛ ጥርስ ይሰማዋል፤ ጥጡ ሲነሣ ወዲያው ይተወዋል። ለረጅም ጊዜ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ነርቡ ተቆጥቷል። ምንም ካልተሰማው ነርቡ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንደ ጀግና ጥርስ ነክሰው ዝም አይበሉ፤ የሚሰማዎትን በትክክል ይናገሩ። ዝምታዎ የምርመራውን ውጤት ያዛባዋል።

ደረጃ 5፦ ራጁን ይነሡ፤ ሥዕሉንም ያንብቡ

ዊልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 መጨረሻ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጀርመናዊው የጥርስ ሐኪም ኦቶ ዎልክሆፍ የራሱን ጥርስ አነሣበት፤ ለአንዲት ሥዕል 25 ደቂቃ ያህል ጨረሩ ፊት መቀመጥ ነበረበት። ዛሬ ከሰከንድ በታች ይበቃል።

ዲጂታል ከሆነ እንዲህ ይሆናል። በፕላስቲክ የተሸፈነች፣ ከክብሪት ሳጥን የምታንስ ጠፍጣፋ መቀበያ አፍዎ ውስጥ ትገባለች። ጥግዋ ምላስዎን ልትቆረቁረው ትችላለች፤ በአፍንጫ በረጅሙ መተንፈስ ማቅለሽለሹን ያቀልለዋል። ይነክሳሉ፣ ባለሙያው ወጣ ይላል፣ «ጢጥ» ይላል፤ ሥዕሉ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ይመጣል።

አሁን ወንበሩን ወደ ስክሪኑ እንዲያዞርልዎ ይጠይቁ። አነባበቡ አይከብድም፦

- ብረት ወይም አሮጌ ሙሊት በጣም ነጭ ነው።
- ኢናሜል ነጣ ይላል፤ ከሥሩ ያለው ክፍል ግራጫ ነው፤ የነርቡ መንገድ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ነው።
- በሁለት ጥርሶች መገናኛ ላይ የምትታይ ትንሽ ጥቁር ሦስት ማዕዘን የመቦርቦር ምልክት ልትሆን ትችላለች። በመስታወት የማትታየው እርስዋ ናት።
- በሥሩ ጫፍ ላይ ያለ ጥቁር ክብ፣ ነርቡ ሞቶ መግል መቋጠሩን ሊጠቁም ይችላል።
- በጥርሶቹ መካከል ያለው አጥንት ወደ ሥሩ ከወረደ የድድ ሕመም አለ።

የራጅ ዓይነቶችንም ይለዩ። ነክሰው የሚነሡት ራጅ የላይና የታች መንጋጋዎችን አንድ ላይ ስለሚያሳይ በጥርሶች መካከል የተደበቀን መቦርቦር ለማግኘት የሚመረጠው እሱ ነው። የአንድ ጥርስ ራጅ ከአናቱ እስከ ሥሩ ጫፍ ያሳያል። ማሽኑ ራስዎን ዞሮ የሚያነሣው ሰፊው ራጅ ሁለቱን መንጋጋዎች በሙሉ ስለሚያሳይ ተጋድሞ ለቀረ የአእምሮ ጥርስ፣ ለስብራትና ለዕጢ ይጠቅማል፤ ለትንሽ ቀዳዳ ግን ግልጽነት ይጎድለዋል። ሦስት ገጽታ ያለው ሲቲ ደግሞ ለተወሳሰበ ቀዶ ሕክምናና ለጥርስ ተከላ እንጂ ለተራ ምርመራ አያስፈልግም።

ጨረሩስ? አንዲት ትንሽ ዲጂታል የጥርስ ራጅ የምትሰጠው ጨረር ሰው በአንድ ቀን ገደማ ከአፈር፣ ከሕንፃና ከሰማይ ከሚያገኘው የተፈጥሮ ጨረር ጋር የሚቀራረብ ነው። የሲቲው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ራጅን አይፍሩ፤ ያለ ምክንያትም አይደጋግሙት። «ይህ ራጅ ምን ለማየት ነው?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ራጅ ሁሉን እንደማያይም ይወቁ። ጉዳቱ በሥዕሉ ላይ ጎልቶ የሚታየው ከማዕድኑ ሲሶ ያህሉ ከለቀቀ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ነጭ ነጥብ ከራጅ ይልቅ በአየር የደረቀ ጥርስና በደንብ የሚያይ ዓይን ቀድመው ያገኙታል።

ደረጃ 6፦ ሌሎቹን መሣሪያዎች በልካቸው ይመዝኑ

በትልልቅ ከተሞች ባሉ ክሊኒኮች እነዚህን ሊያዩ ይችላሉ።

- የአፍ ካሜራ፦ እስክሪብቶ የምታህል ናት፤ ጥርስዎን ስክሪን ላይ አጉልታ ታሳያለች። ዋና ጥቅሟ እርስዎና ሐኪሙ አንድ ነገር እያያችሁ እንድትነጋገሩ ማድረጓ ነው።
- ጥርስን በብርሃን ማሳየት፦ ጠንካራ ብርሃን ከጎን ሲበራ ጤነኛው ክፍል ያስተላልፋል፣ የተጎዳው ወይም የተሰነጠቀው ይጨልማል። እንቁላልን በመብራት እንደማየት ነው፤ ጨረርም የለውም።
- የሌዘር መለኪያ፦ ቀይ ብርሃን ጥርሱ ላይ ጥሎ የሚመለሰውን በቁጥር ይነግራል። ቀለም የያዘን ጥርስ በስሕተት «ተቦርቡሯል» ሊል ስለሚችል በቁጥሩ ብቻ አያስቆፍሩ።
- ራጅ አንባቢ ሶፍትዌር፦ አጠራጣሪ ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

እነዚህ በአቅራቢያዎ ባይኖሩ ምርመራውን አያዘግዩት። መስታወት፣ መለኪያ ብረት፣ ቀዝቃዛ ጥጥና አንዲት ራጅ በልምድ ያለው ሰው እጅ ካሉ አብዛኛው ችግር ይያዛል።

ደረጃ 7፦ ከመውጣትዎ በፊት አራት ነገር ይያዙ

1. የትኛው ጥርስ ምን እንደሆነ በጽሑፍ።
2. የራጁ ሥዕል። ዲጂታል ከሆነ በስልክዎ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ፤ ፊልም ከሆነ በፖስታ አድርገው ቀኑን ይጻፉበት። ባሕር ዳር ቢላኩ ዳግም ከመነሣትና ዳግም ከመክፈል ያድንዎታል።
3. «አሁን ባይታከም ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ። አንዳንዱ ነገር ሊጠበቅ ይችላል፤ አንዳንዱ አንድ ወርም አይሰጥም።
4. የሚመለሱበት ቀን።

«ይነቀል» ከተባሉ ደግሞ «ጥርሱን ማዳን ይቻል ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ራጁ ላይ ያሳይዎ። የተነቀለ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም።

ደረጃ 8፦ በጊዜ የተገኘውን በጊዜ ያክሙ

ምርመራ ብቻውን አያድንም። ነጭ ነጥብ ላይ ከተደረሰ ፍሎራይድ ይቀባል፤ ቤትዎም ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ያጸዳሉ። ቱቦው ላይ ቁጥሩን ይፈልጉት። መፋቂያ የለመዱ ከሆነ መፋቂያውን አይጣሉት፤ ፍሎራይዱን ይጨምሩበት።

ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዘዴም አለ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረው ይህ አሠራር የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ጠርጎ ግላስ አዮኖመር በሚባል መሙያ ይደፍነዋል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለው ፈሳሽ ደግሞ ተቀብቶ ብቻ መቦርቦሩን ያቆማል፤ የተጎዳውን ቦታ ግን ስለሚያጠቁረው አስቀድመው ይጠይቁ። ግላስ አዮኖመሩንም ይህንንም ፈሳሽ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷቸዋል። መብራት ለሚቆራረጥበት አካባቢና ወንበር ለሚፈራ ሕፃን እንዲህ ያለው ሕክምና ተስማሚ ነው።

ለልጆች የተለየ ጥንቃቄ

የሕፃን ድድ ሲያብጥና ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱን መፋቅ ወይም ያልበቀለ ጥርሱን መንቀል አደጋ ነው። እብጠቱ በመውጣት ላይ ያለ ጤነኛ ጥርስ ነው፤ ብረቱ ኢንፌክሽን ያስገባል፣ ሥር ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። ተቅማጡን ጤና ጣቢያ ያሳክሙ።

የመጀመሪያዋ ጥርስ ከበቀለች ጀምሮ ያጽዱለት። ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ይበቃል። በስድስት ዓመት ገደማ ከኋላ የምትበቅለው መንጋጋ ቋሚ ናት፤ «የወተት ናት፣ ትወልቃለች» ተብላ ስትበሰብስ ዝም የምትባለው ብዙ ጊዜ እርስዋ ናት።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፦

- ከአገጭ ሥር ወይም አንገት ላይ እብጠት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ማቃት፣ አፍ አልከፈት ማለት።
- ከጥርስ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ ወይም ወደ ዓይን የሚወጣ እብጠት።
- ኩፍኝ ከያዘው ወይም ከተጎሳቆለ ልጅ አፍ የሚሸት ቁስል፣ የሚደማ ድድ፣ ያበጠ ጉንጭ። ይህ የኖማ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊትን የሚበላ በሽታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ችላ ከተባሉ ሐሩራማ በሽታዎች መካከል መዝግቦታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንቲባዮቲክና በምግብ ይድናል።

ሁለት ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ በተለይ ለሚያጨስ ወይም ለሚጠጣ ሰው፣ ባያምም መታየት አለበት።

ቀኑን ዛሬ ይቁረጡ

ለአብዛኛው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ጥሩ መነሻ ነው፤ የስኳር ሕመም ያለበት፣ የሚያጨስ ወይም ብዙ የተሞላ ጥርስ ያለው ሐኪሙ ባለው መጠን ቶሎ ቶሎ ይታይ። ቀኑን የሚያስታውሱበት ነገር ካጡ ጥር ይሁን። እህል ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ እጅ ላይ ጥቂት ገንዘብ አለ። ፈረሱን ለ23ቱ ሲያሰማምሩ ከንፈሩን ገለጥ ማድረግዎ አይቀርም፤ በዚያው ሳምንት የራስዎንም አፍ ይክፈቱ፣ አምስቱን ፎቶ ያንሡ፣ ይደውሉ።